ሃያ ስድስተኛው ስም

ቁጭ ብዬ መስማት የማልችል ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ «ልጅቷ ትዕግሥት የላትም» እያላችሁ እንዳትደክሙ ነው። አውቀዋለሁ። እናቴ ስወለድ እንኳ አዋላጇን ሳልጠብቅ እንደመጣሁ ታወራለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ማሽኑም እኔም መቆም ስለማንወድ ተስማማን።

የሰፈራችን ክለብ ጸሐፊ የሆንኩትም በእጄ ፍጥነት ነው። ቃለ ጉባኤ የሚባለውን ነገር ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ጽፌ እጨርስ ነበር። የምኮራበት ነገር ቢኖር የእጅ ጽሑፌ ነው።

ክለቡ ሙዝ ሜዳ ይባላል። ቦታው ድሮ የሙዝ እርሻ ነበር። ባለ እርሻው ሲሞቱ ልጆቻቸው ለሰፈሩ ወጣት ሰጡት፤ የሙዙን ሥር ነቅሎ፣ ድንጋዩን ለቅሞ ሜዳ ያደረገው የሰፈሩ ሰው ነው። ከነቃዮቹ አንዱ ታላቅ ወንድሜ ታምራት ነበር፤ የመጀመሪያው አምበልም እሱ ነው። ክለቡ ባለሀብት የለውም። እያንዳንዱ ቤት ባለቤት ነው። ማሊያ የሚያጥብ ቤት አለ፣ እንግዳ ቡድን የሚያሳድር ቤት አለ፣ በእረፍት ሰዓት ሙዝ የሚያመጣ ቤት አለ። ሙዙ ለሁለቱም ቡድን ነው። ስንቶቹ የእኛን ሙዝ በልተው አሸንፈውን ሄደዋል።

ውሳኔ የሚወሰነው ደግሞ በሜዳው ጥግ ባለው ዋርካ ሥር ነው። አባቶቻችን ከደጋ ሲወርዱ ይዘውት የወረዱት የዱቡሻ ሥርዓት ነው። ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ የፈለገ ይናገራል፣ የሚናገርን ማቋረጥ የለም። የድምፅ ብልጫ ብሎ ነገር የለም። አንድ ሰው እንኳ «ልቤ አልተቀበለውም» ካለ ነገሩ አልተወሰነም። ሽማግሌ መርቆ ሳይዘጋው ተነስቶ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። ከሰፈር ቡድን ጋር ስንጫወት ይህ ሁሉ ደስ ይል ነበር። የምንወስነው ማሊያችን ቢጫ ይሁን አረንጓዴ የሚለውን ነበራ!

ከዚያ ክለቡ አደገ። የከተማውን ዋንጫ ወሰድን፣ ቀጥሎ የዞኑን። ወደ ክልሉ ሊግ አለፋችሁ ተባልን። ቅጽ መጣ። ቅጹ ላይ ሃያ አምስት መስመር ነበር። እኛ ሃያ ስድስት ተጫዋች ነበረን።

አንድ ሰው ነው። አንድ ስም። ሌላ ክለብ ቢሆን አሰልጣኙ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል። እኛ ግን ቅጹን ይዘን ሁለት ሳምንት ተቀመጥን፤ ምክንያቱም ሦስት አባወራዎች ደጋ ወጥተው ኦቾሎ ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ ያለ እነሱ ዱቡሻ አይጀመርም። ሲመለሱ ሐሙስ ሆነ። ምዝገባው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካልተመዘገብን ቦታው ለሌላ ቡድን ይሰጣል።

ሐሙስ ጠዋት ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። የሚመሩት ጋሽ ዛራ ናቸው፤ ሸማኔ ነበሩ፣ አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ትተውታል። አሰልጣኛችን ብሩክ ከጎኔ ተቀመጠ። ብሩክ ከደብረ ማርቆስ ለትምህርት መጥቶ፣ የውሃ ምህንድስና ተመርቆ፣ ሥራ እስኪያገኝ እያለ እኛው ጋ የቀረ ልጅ ነው። ሴቶቹ «ውሃ መገደብ ተምሮ የእኛን አፍ መገደብ አቃተው» እያሉ ይቀልዱበታል።

ብሩክ መጀመሪያ የሦስተኛውን በረኛ ስም ጠራ። የበረኛው አባት ተነሱ። ሜዳው ሲጠረግ ድንጋይ ስላመላለሰችው አህያቸው ጀመሩ፤ አህያዋ እንዴት እንደተገዛች፣ እንዴት እንደታመመች፣ የት እንደተቀበረች። እኔ ስለ ልጃቸው ጉዳይ እስኪደርሱ ስጠብቅ አህያዋ ሦስት ጊዜ ሞተች። በመጨረሻ «ልቤ አልተቀበለውም» አሉና ተቀመጡ። ሌላ ስም፣ ሌላ አባት። ሌላ ስም፣ ሌላ አክስት። ፀሐይ ስትጠልቅ ጋሽ ዛራ «ፀሐይ የማታየውን ነገር አንወስንም» ብለው አሳደሩት። ሃያ ስድስቱም ስም አብሮ አደረ።

ዓርብ ጠዋት ብሩክ አንድ ስም ብቻ ይዞ መጣ። ሲናገር እኔን አላየኝም።

«ታምራት» አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም ሐሙስ ማታውኑ አውቄዋለሁ። ታምራት ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቱን ተጎድቷል። ልምምድ ላይ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል፤ ሲሮጥ ግን ከሁሉም ኋላ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ የሚለው ነው የጠፋው። ያን ቀን ታምራት አልነበረም። ስለ አንድ ሰው ሲነገር ሰውየው እስኪጠራ አይቀመጥም፤ ሌሎቹ አፋቸው እንዲፈታ። ስለዚህ እንደ ሌላው ቀን ጫሞ ሐይቅ ወርዶ ነበር፣ ጀልባ ላይ። ስልኩ እንዳይረጥብበት ቤት ጥሎት ነው የሚሄደው።

አንድ በአንድ ተጠየቀ። የበረኛው አባት «እሺ» አሉ። አክስቶቹ «እሺ» አሉ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ክቡ ሁሉ እሺ ብሎ አንድ ሰው ቀረ። እናቴ።

ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። እናቴ ሰው ፊት ብዙ አትናገርም፤ የእሷ አማርኛ አጭር ነው፣ ሲከፋት ወደ ጋሞኛ ነው የምትሄደው። ያን ቀን ግን ብሩክም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገረች።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለች። «ልጄ ጉልበቱን የሰጠው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ጉልበቱን ወስዶ አሁን ስሙንም ይውሰድ? ልቤ አልተቀበለውም።»

አንድ ሰው «የቡድን መሪ ተብሎ ይጻፍ» አለ። እናቴ ዞራ እንኳ ሳታየው «ኳስ ተሸካሚ በሉት እንጂ» አለችው። ሰውየው አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ሰው ሁሉ እኔን ማየት ጀመረ። ልጇ ነኛ! አጠገቧ ሄጄ ተንበረከክሁ። እማዬ፣ ክለቡ ይቀራል፣ አሥራ ሦስት ዓመት የለፋንበት ነገር በአንድ ስም ይቀራል አልኳት። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና በጋሞኛ አንድ ነገር አለችኝ። ትርጉሙ ባጭሩ «አንቺ ስለ ክለቡ ታለቅሻለሽ፤ ስለ እሱ የማለቅሰው እኔ ነኝ» ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሽ ዛራ ዱላቸውን መሬት ላይ ነካ አድርገው፣ «ነገሩ የልጁ ነው። ልጁ ይጠራ» አሉ። አንዱ በሞተር ወደ ጫሞ ሄደ። እኛ ተቀመጥን። ጀልባው ከዳር ይሁን መሐል ሐይቅ ላይ የሚያውቅ የለም። ሰዎች ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ስለ ዝናብ! የእኔ እግር መሬቱን እየደበደበ ነው። የምዝገባው ቢሮ ሴቻ ሰፈር ነው፣ ዳገቱ ላይ። ባጃጅ ቢገኝ ሩብ ሰዓት፣ ባይገኝ እግዜር ያውቃል። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ሩብ ጉዳይ ለአሥር ሆነ።

ብሩክ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «መሲ፣ ማኅተሙ ማን ጋ ነው?» አለኝ።

«እኔ ጋ።»

ሂጂ አላለኝም። ይህን ስለ እሱ ስል እናገራለሁ፤ በኋላ ብዙ ሰው በእሱ አሳብቧልና። የሄድኩት እኔ ነኝ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ተነሳሁ። ቦርሳዬን ስይዝ ያየኝ ሁሉ ወዴት እንደምሄድ ገባው።

«መሠረት» አሉ ጋሽ ዛራ። «ተቀመጪ ልጄ።»

«ጋሼ፣ አሥር ሰዓት ሆኗል።»

«ሰዓቱ ይሂድ። ሰው አይሂድ።»

እናቴን አላየኋትም። ካየኋት እንዳልቀር ፈርቼ ነው። ክቡን አቋርጬ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ባጃጅ የለም። ሁሉም ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው። ሮጬ ማደያው ጋ ደረስኩና ከሰልፉ መጨረሻ ያለውን አንዱን ልጅ ለመንኩት። ያለችው ነዳጅ ዳገቱን ታወጣ እንደሆነ እንጃ አለኝ። ካላወጣች ገፍቼ አወጣታለሁ አልኩት። ሳቀና አስነሳው።

«ምነው እህቴ፣ ማን ታሞብሽ ነው?»

«ክለብ» አልኩት።

ዳገቱን ስንወጣ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። «የክለቡ ጠቅላላ ጉባኤ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ሃያ አምስት ተጫዋቾች በሙሉ ስምምነት አጽድቋል።» በሙሉ ስምምነት። እንደዚያ ጻፍኩ። ከዚያ የተጫዋቾቹን ዝርዝር አወጣሁ። ታምራትን ሁልጊዜ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ነበር የምጽፈው፤ አምበልነቱን ከተወ በኋላም ልማድ ሆኖብኝ። ስለዚህ መሰረዝ የነበረብኝ ከመጨረሻ ሳይሆን ከላይ ነው። ሌሎቹን ሁሉ አንድ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ እያደረግሁ ቅጹ ላይ ገለበጥኩ። ባጃጁ እየተንገጫገጨ ጽሑፌ የሌላ ሰው ጽሑፍ መሰለ። መታጠፊያው ላይ ጫሞ ከታች አብረቀረቀ። ወንድሜ እዚያ ነው ብዬ አሰብኩ። አልነበረም።

ቢሮው ውስጥ ያለችው ሴትዮ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች። ሰዓቷን አየች፤ አሥር ደቂቃ ቀርቷል። «እናንተ የሙዝ ሜዳ ሰዎች ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ስሞቹን ቆጠረች፣ ማኅተሙን አየች፣ መዘገበችን። ደረሰኙን ስትሰጠኝ እንኳን ደስ አላችሁ አለችኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የደስታ መስሎኝ ነበር።

ስመለስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ሰዉ ተበትኖ ይሆናል ብዬ ነበር። አልተበተነም። አንድም ሰው ከቦታው አልተነሳም። ክቡ መሐል ታምራት በጉልበቱ ተንበርክኳል፤ በዚያ በተጎዳው ጉልበት። ሱሪው እስከ ጭኑ እርጥብ ነው። ከፊት ለፊቱ፣ መሬት ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ያጨደው እርጥብ ሣር ተቀምጧል።

ስለ ሣሩ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ እርጥብ ሣር ይዞ የሚለምንን ሰው እምቢ ማለት አይቻልም። ደም የተቃባ እንኳ ሣር ካየ ይቆማል። እናቴ ሌላውን ሁሉ እምቢ ልትል ትችላለች፤ ሣሩን አትችልም።

ታምራት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነበር የደረሰው። ሞተረኛው ሲጠራው ነገሩን ሳይጠይቅ ገብቶታል። ሣሩን አጭዶ መጥቶ እናቱ ፊት ተንበረከከ፤ ስሜን እኔ ራሴ አነሳለሁ፣ ልብሽ ይቀበልልኝ አላት። ተቀበለች። ሁሉም አለቀሰ፤ ጋሽ ዛራ ምርቃት ሊጀምሩ እጃቸውን ሲያነሱ ጸሐፊ የለም። መዝገብ የለም። ማኅተም የለም። አንድ ሰው ጎድሎ ዱቡሻ አይዘጋምና እነሱ ተቀምጠው፣ እሱ እንደተንበረከከ እኔን ጠበቁ።

«የት ነበርሽ?» አሉ ጋሽ ዛራ። የት እንደነበርኩ እያወቁ።

«አስመዝግቤ መጣሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ጸድቋል ብዬ።»

«ማንን አውጥተሽ?»

ታምራት ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ጉልበቱን ይዞ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቢሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር። እሱ ግን በዚያ ቀዝቃዛ ድምፁ፣

«መሲ፣ ልሰጣችሁ የመጣሁትን ወሰድሽው» አለኝ።

ያን ምሽት ጋሽ ዛራ መረቁ፤ ምርቃቱ ግን እንደ ሌላ ጊዜ አልረዘመም። ስብሰባ አጠረልኝ ብዬ ያዘንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ። ስሌቱን መቶ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ታምራት አሥር ተኩል መጣ። ልመናው፣ ለቅሶው፣ ምርቃቱ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ባጃጅ ፍለጋ፣ ዳገቱ። ብጠብቅ ኖሮ አልደርስም ነበር። ክለቡ ዛሬ ሊግ ውስጥ ያለው ስለሄድኩ ነው። ይህን ፊት ለፊት የሚክደኝ ሰው የለም። ግን የሚያመሰግነኝም የለም። እኔም፣ ልክ ነበርኩ እያልኩ፣ ራሴን ማመስገን አቃተኝ። ይህ ነው የሚያናድደኝ። ልክ ሆነህ የምታፍርበት ነገር ምን ይባላል?

ማንም ከጸሐፊነት አላወረደኝም። የመጣብኝ ከዚያ የባሰ ነው። ሜዳችን ላይ በተጫወትነው የመጀመሪያ ጨዋታ ቀን ጎረቤታችን በር ላይ አገኘችኝና፣ «ቡድንሽ ዛሬ ይጫወታል አሉ» አለችኝ። ቡድንሽ። ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ። በሌላው ሳምንት ባለ ሱቁም እንደዚያው አለኝ፦ «ቡድንሽ እንዴት ነው?» የሁሉም የነበረው ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ የእኔ ሆነ። ክለብ የሚሰረቀው በባለሀብት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከበሮ መቺዎቹ አልፎ አልፎ ይመጣሉ። በእረፍት ሰዓት ሙዝ የሚያመጣው ቤት ተራውን ረሳሁ ይላል። ልጆቹ ውሃ ብቻ ጠጥተው ይገባሉ። እንግዳ ቡድን ሲመጣ የሚያሳድር ቤት ፍለጋ በር ሳንኳኳ እውል ነበር። ብሩክ «ደብረ ማርቆስ ቢሆን ይህ አይሆንም» ይላል፤ እኔም ደብረ ማርቆስ አይደለህም እለዋለሁ። በመጨረሻው ጨዋታ አሸንፈን ከመውረድ ተረፍን። በሊጉ ቆየን። ማንም አልጨፈረም። እኔና ብሩክ ጎሉ ሥር ተቀምጠን ሰዉ ወደ ቤቱ ሲሄድ አየን።

እናቴ እኔን ሳትቆጣ ምሳዬን ታቀርብልኝ ነበር። ታምራት ሰላም ይለኛል፤ በቃ። ከሰላምታ ያለፈ ቃል አንድ የውድድር ዓመት ሙሉ አልሰጠኝም። ሜዳውን በእግሩ አልረገጠም።

ባለፈው ሳምንት የአዲሱ ዓመት ቅጽ መጣ። ሃያ አምስት መስመር፤ አልጨመሩልንም። ቅጹን ይዤ ጋሽ ዛራ ዘንድ ከመሄዴ በፊት ወደ ጫሞ ወረድኩ። ማጨድ አላውቅም፤ እጄን ቆረጠኝ። ዋርካው ሥር ሰዉ ሲሰበሰብ ሣሩን ይዤ ገባሁና ተንበረከክሁ። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ልክ የነበርኩበትን ክፍልም ጨምሬ። አፌ ላይ የመጣው ግን «ያልተባለ ጽፌያለሁ» የሚል ብቻ ነው። ማኅተሙን ከሣሩ ላይ አስቀመጥኩት።

ጋሽ ዛራ ሣሩን ተቀበሉ። ማኅተሙን ግን ለበረኛው አባት ሰጡት፤ አዎ፣ ለባለ አህያው። ከእንግዲህ ቅጽ በመጣ ማግሥት ዱቡሻ ይጀመራል፣ ለቅሶ ላይ ያለ ካለ ሽማግሌ ሄዶ ቃሉን ይቀበላል ተባለ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የጮህኩበትን ነገር እርጋታ የተሞላ አዲስ ሐሳብ አድርገው ሲናገሩት ሰማሁ። ከዚያ ለእኔ ሥራ ተፈለገ። መዝገቡን ትጻፍ፤ ደግሞም፣ አሉ ጋሽ ዛራ ፈገግ ብለው፣ ዱቡሻው ላይ ሰዓት የምትናገር እሷ ትሁን፤ መቼም ሳይነገራትም ታየዋለች። ሰዉ ሳቀ። በእኔ ላይ ከሳቁ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ይህን የምጽፍላችሁ ዱቡሻው ሦስተኛ ቀኑን በያዘበት ነው። ዘንድሮ ሃያ ሰባት ተጫዋች አለን። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የበረኛው አባት ስለዚያች አህያ እንደገና ሲጀምሩ እግሬ መሬቱን መደብደብ ጀመረ። ከክቡ ማዶ ታምራት ተቀምጧል፤ ዘንድሮ እንደ ማንኛውም ቤት ሰው። አየኝ። እግሬን አየ። የሚናገርን ማቋረጥ ነውር ስለሆነ አህያዋ እስክትቀበር ጠበቀና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«መሲ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ።

«ስምንት ከሩብ» አልኩት።

«ገና ነው» አለ።

ሰዓቴን አየሁ። አሁንም አያለሁ። ግን ተቀምጬ ነው።